የአሜሪካ ዶክትሬት ወይስ የአውሮፓ ሁለተኛ ዲግሪ? የባዮሎጂ ሰዎች ምከሩኝ

የጉማራዋ | መጋቢት 11

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ላይ በባዮሎጂ ተመርቄ አሁን በአንድ የዓሣ ምርምር ፕሮጀክት ውስጥ በቤተ ሙከራ ረዳትነት እሠራለሁ። ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣው ዕንቁላሉን ለመጣል ከጣና ወደ ጉማራ ወንዝ ሲወጣ እኛም ተከትለነው እንወጣለን። እንለካዋለን፣ እንመዝነዋለን፣ ከክንፉ ጫፍ ጥፍር የምታህል ቆርጠን አልኮል ውስጥ እንከታለን። አንዱ ከንፈረ ወፍራም ነው፣ አንዱ አፉ ወደ ታች የዞረ ጭቃ ጫሪ፣ ሌላው መንጋጋው የረዘመ ዓሣ በሊታ። ሁሉም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። እንዴት እንዲህ ተለያዩ የሚለው ጥያቄ ነው ወደ ድኅረ ምረቃ የሚገፋኝ።

ዘንድሮ አመልክቼ ሦስት መልስ ደርሶኛል።

የመጀመሪያው አሜሪካ ውስጥ የዶክትሬት ፕሮግራም ነው፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ። የትምህርት ክፍያ የለም፣ የኑሮ ድጎማና የጤና መድን አለ፣ በምትኩ ረዳት መምህር ሆኜ እሠራለሁ። ነገር ግን ፕሮግራሙ በጣም ሰፊ ነው፤ የካንሰር ሴል የሚያጠናውም፣ ተክል የሚያጠናውም፣ ዓሣ የሚያጠናውም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። አማካሪ ገና የለኝም። የመጀመሪያውን ዓመት በየቤተ ሙከራው እየተዘዋወርኩ እንድመርጥ ነው የነገሩኝ።

ሁለተኛው ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ነው። በውኃ ሥነ ምህዳር ሁለተኛ ዲግሪ፣ ሁለት ዓመት በሦስት አገር፣ ክፍያው ተሸፍኖ በወር 1,400 ዩሮ።

ሦስተኛው እንግሊዝ አገር የአንድ ዓመት ሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ ከክፍያው ሩቡን ቀንሰውልኛል። ቀሪውን አባቴ መሬት ሸጦ እከፍላለሁ እያለ ነው። የዩኒቨርሲቲው ስም ትልቅ ስለሆነ የሰማ ሁሉ «እሱን ትተሽ?» ይለኛል።

ለኢራስመሱ በአሥር ቀን ውስጥ፣ ለአሜሪካው እስከ ሚያዝያ 7 መልስ መስጠት አለብኝ። አባቴ ከእንግሊዙ ቀጥሎ ለአሜሪካ ነው የሚያደላው፤ እናቴ አምስት ዓመት ሲባል ከሰማች ወዲህ ዝም ብላለች።


ሰባተኛ ዓመት | መጋቢት 11

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ሦስተኛውን ዛሬውኑ ከዝርዝርሽ አውጪው። በተፈጥሮ ሳይንስ ምርምር ለመማር መሬት አይሸጥም። አንዱ የሚያስከፍልሽን ሌላው እየከፈለሽ ያስተምርሻል፤ ማስረጃው እጅሽ ላይ ነው። እንግሊዝ ከሆነ ልብሽ ለሁለተኛ ዲግሪ ቼቭኒንግ የሚባል የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ አለ፤ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ከትምህርቱ በኋላም ሁለት ዓመት አገር ቤት መቆየት ግዴታ ነው። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ የሚሉሽ ሰዎች ካሉ አትስሚያቸው፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም።

ወደ አሜሪካው ልምጣ። የተጠቃሚ ስሜን አይተሽ የት ላይ እንዳለሁ ትገምቻለሽ። የሰፊ ፕሮግራም አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሦስት ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ለየሁለት ወር ያህል ትሠሪያለሽ፤ ኮርሱም ጎን ለጎን ይሄዳል። በዓመቱ መጨረሻ አንዱ መምህር «ነይ» ማለት አለበት። «ነይ» ለማለት ደግሞ ሥራሽን መውደዱ ብቻ አይበቃም፤ ገንዘብ ሊኖረው ይገባል።

ከውጭ የሚመጣ ተማሪ የማያየው እዚህ ላይ ያለውን ነገር ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው የተማሪ ማሠልጠኛ ገንዘብ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ የተፈቀደ ነው። ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍም እንዲሁ። አብሮሽ የገባው አሜሪካዊ በነዚህ ተደግፎ ወደፈለገበት ሲገባ፣ ለአንቺ ግን መምህሩ ከራሱ የምርምር በጀት መክፈል ወይም የትምህርት ክፍሉ የረዳት መምህርነት ቦታ መስጠት ይኖርበታል። ስለዚህ ለፕሮግራሙ አስተባባሪ «በመጪው ዓመት ከውጭ የመጣ ተማሪ ለመውሰድ በጀት ያላቸው መምህራን እነማን ናቸው?» ብለሽ በቀጥታ ጻፊ። ነውር የለውም፤ በየዓመቱ የሚጠየቁት ነው። መልሱ ዙሪያ ጥምጥም ከሆነ ራሱ መልስ ነው።

ድጎማው ለዘጠኝ ወር ነው ወይስ ለአሥራ ሁለት? ይህንንም ጠይቂ። በበጋው ዕረፍት ማን እንደሚከፍል በደብዳቤው ላይ ያልተጻፈ ከሆነ ማንም አይከፍልም ብለሽ አስቢ። የትምህርት ክፍያ ተነሥቶልሽ እንኳን በየሴሚስተሩ የአገልግሎት ክፍያ የሚቆርጡ አሉ። ከድጎማው ላይ ግብር ይነሣል፤ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌለ ቻይናዊው ጓደኛሽ የሚያገኘውን ቅናሽ አንቺ አታገኚም። የድጎማው ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም፤ በትንሽ ከተማ 28,000 ዶላር በትልቅ ከተማ ከ38,000 ዶላር ሊሻል ይችላል። የቤት ኪራዩን እዚያው ያሉትን ተማሪዎች ጠይቂ።


ዝናብና ቸኮሌት | መጋቢት 12

እኔ ለኢራስመሱ ነው የምከራከረው፤ በዚያው በር ስለገባሁ አድልዎ እንዳለብኝ ይታወቅልኝ።

በአብዛኛው የምዕራብ አውሮፓ አገር ዶክትሬት ሥራ ነው። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ታመለክቻለሽ፣ ቃለ መጠይቅ ትቀርቢያለሽ፣ ውል ትፈርሚያለሽ፣ ደመወዝ ይከፈልሻል። ርእሱ፣ አማካሪውና ገንዘቡ ገና ከማስታወቂያው የታወቁ ናቸው። ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው። በሩን የሚከፍተው ግን ሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ ያለ እሱ ከጥቂት ፕሮግራሞች በስተቀር አያስገቡሽም። ኢራስመሱን ስትጨርሺ ሦስት ዩኒቨርሲቲ ያወቀሽ፣ የምትፈልጊውን ለይተሽ ያወቅሽ ሰው ትሆኛለሽ። ወንድማችን ሰባተኛ ዓመት ላይ ሲሆን በዚያው ጊዜ ውስጥ ሁለቱንም ዲግሪ መያዝ ይቻላል ብል ቅር እንደማይለው ተስፋ አደርጋለሁ።

ጣጣው ሌላ ነው። ስትደርሺ ድጎማው እንዲገባልሽ የባንክ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ሒሳብ ለመክፈት በከተማው ማዘጋጃ ቤት መመዝገብ፤ ለመመዝገብ የቤት ኪራይ ውል፤ ለውሉ ደግሞ ቅድሚያ የሚያዝ ገንዘብ። ገንዘቡ ያለው ባንክ ውስጥ ነው፣ ባንኩ ደግሞ ገና አልተከፈተም። ይህን ዙር አገር በቀየርሽ ቁጥር ትደግሚዋለሽ፤ የመኖሪያ ፈቃዱም እንደዚያው። ለመጀመሪያው ወር ተኩል የሚሆን ገንዘብ ሳትይዢ እንዳትነሺ።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም፦ «አውሮፓ ትምህርት በነፃ ነው» የሚለው ወሬ አርጅቷል። ስዊድን ከ2011፣ ፊንላንድ ከ2017፣ ኖርዌይ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣን ተማሪ ያስከፍላሉ። የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው አያስከፍሉም፤ ባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ግን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይጠይቃል። ስኮላርሺፕ ከሌላችሁ ደግሞ የዓመቱን መኖሪያ በዝግ ሒሳብ አስቀምጡ ይሏችኋል፤ ከ2024 መስከረም ወዲህ 11,904 ዩሮ ነበር። ቤልጂየም ደግሞ የፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ቭሊር በተባለው የጋራ ድርጅታቸው በኩል ለታዳጊ አገር ተማሪዎች የሚሰጡት ስኮላርሺፕ አለ፤ ስለ ዓሣ እርባታና ስለ ውቅያኖስና ሐይቅ የሚያስተምሩ ፕሮግራሞች አሉበት። ለዘንድሮ ዘግይታችኋል፣ ለሚቀጥለው ያዙት።


ዘንዘልማ | መጋቢት 12

ሁላችሁም ስለ ገንዘብና ስለ ቪዛ ታወራላችሁ። ልጅቷ ጥያቄዋ ጣና ውስጥ ነው፤ ጣና ደግሞ ባሕር ዳር ነው ያለው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ ስለ ዓሣና ስለ እርጥብ መሬት ይማራሉ፣ ከተማው ውስጥ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ። ሁለተኛ ዲግሪውን እዚሁ ብትሠሪ የመስክ ሥራው ከቤትሽ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ውጭ መውጣት ብቻ ከሆነ ፍላጎትሽ ደግሞ አፍሪካ ውስጥ ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የተባለው የምርምር ማዕከል ዶክትሬት ያሠለጥናል፤ ዋና ሥራው ነፍሳት ላይ ቢሆንም። የአፍሪካ ኅብረት ዩኒቨርሲቲም ኢባዳን ላይ የሕይወትና የምድር ሳይንስ ማዕከል አለው።

ሌላም ነገር። ለውጭ መምህር ስትጽፊ «ናሙና አለኝ» እንዳትዪ። የጄኔቲክ ሀብት ከአገር የሚወጣው በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ሲገኝ ነው። በአልኮል ውስጥ ያለችው የክንፍ ቁራጭ በሻንጣ የምትሄድ ዕቃ አይደለችም፤ ያንቺም አይደለችም፣ የፕሮጀክቱ ናት። ስንቱ ሰው ናሙናውን አስረክቦ ስሙን ጽሑፉ መጨረሻ ላይ በምስጋና መስመር ሲፈልግ እንደሚገኝ አታውቂም።


የጉማራዋ | መጋቢት 12

@ዘንዘልማ ስለ አዋጁ አመሰግናለሁ፤ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አውቅ ነበር፣ ለማን እንደሚጠየቅ ግን አላውቅም ነበር። እዚህ የመማሩን ነገርም ያሰብኩበት ነው። የሚጎድለኝ የዘረ መል ንባብ ነው። መለካትና መመዘን እችላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማሽኑም ኮምፒውተሩም እዚህ በበቂ የለም፣ የሚያሳየኝ ሰውም ጊዜ የለውም።

@ሰባተኛ ዓመት እንግሊዙን ሰርዣለሁ። አባቴ አኩርፎ ቆይቶ መሬቱን ለኔ ሰርግ አስቀምጫለሁ አለ፤ ይህም ሌላ ጣጣ ነው።


ደንገል | መጋቢት 13

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ሐይቁ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አገር ከአገር ስታወዳድሪ ሰማሁ። አሜሪካ አያስተምርሽም፣ አውሮፓም አያስተምርሽም። የሚያስተምርሽ አንድ ሰው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ስም አለው።

ያለሽበትን ቦታ በመጀመሪያ እወቂው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር አይበልጥም። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ስለሆነ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። በዚህ የተዘጋ ውኃ ውስጥ ነጭ ዓሣው ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች ሆነ። በዓለም ላይ እንዲህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የበዙ የዚሁ ቤተሰብ ዝርያዎች ሌላው ታዋቂ ምሳሌ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ ሐይቅ ነበር፤ የዚያ አብዛኛው ጠፍቷል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኔዘርላንድሱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ናግልከርከና ሲቢንግ ዝርያዎቹን ለይተው ሲጽፉ፣ ዓሣ አጥማጆቻችን ቀድመው በመልክ ይለዩአቸው ነበር። እኛ ሁሉንም «ነጭ ዓሣ» ብለን ስንመዝን አጥማጁ «ይህ ሌላ ነው» ይለን ነበር።

ይህን የምነግርሽ ለኩራት አይደለም። የምትፈልጊው ጥያቄ የተጻፈበት፣ ጸሐፊዎቹም የሚታወቁ መሆኑን እንድታዪ ነው። ዛሬ ማታ በዚህ ርእስ ባለፉት አምስት ዓመታት የወጡ ጽሑፎችን ፈልጊ። የመጨረሻውን ጸሐፊ ስም ተመልከቺ፤ በባዮሎጂ ጽሑፍ የቤተ ሙከራው ኃላፊ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ሥራውን የሠራው ተማሪ ነው። ከዚያ አሜሪካ ያለው ፕሮግራምሽ ውስጥ ከነዚህ ጋር የሚቀራረብ ሰው አለ ወይ? ኢራስመሱ ውስጥስ? ዓሣው የግድ ነጭ ዓሣ መሆን የለበትም። የቆሮሶ ዘመዶች፣ እነዚያ ሲክሊድ የሚባሉት፣ በማላዊና በታንጋኒካ ሐይቆች በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች ሆነዋል፤ መንጋጋቸውን የሚያጠኑ ቤተ ሙከራዎች ብዙ ናቸው። ጥያቄሽ ያው ነው፣ መልሱን እዚያ ተምረሽ እዚህ ታመጪዋለሽ።

ሰውየውን ካገኘሽ ለሰውየው ብቻ አትጻፊ፤ ለተማሪዎቹ ጻፊ። ካለፉት ተማሪዎች ስንቱ ጨረሰ፣ በስንት ዓመት፣ አሁን የት ናቸው? አማካሪው በሳምንት ያገኛቸዋል ወይስ በሴሚስተር? ረቂቅ ጽሑፍ ሲሰጡት በስንት ጊዜ ይመልሳል? ዩኒቨርሲቲ ቢቀይር ተማሪው ምን ይሆናል? ያቋረጠ ካለ አግኝተሽ ካናገርሽው ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ታውቂያለሽ። ሰው በጽሑፍ ጥንቃቄ ያበዛል፤ በስልክ ወይም በቪዲዮ ስትጠይቂ ከመልሱ በፊት ያለችውን ዝምታ አዳምጪ።

ሁለቱም ካልሆኑ ሌላ መንገድ አለ። ዋገኒንገን ሳንድዊች የሚሉት የዶክትሬት ዓይነት አለው፤ መጀመሪያ ጥቂት ወራት እዚያ፣ ከዚያ የመስክ ሥራ በአገርሽ፣ መጨረሻውን እዚያ ትጽፊያለሽ። ሁለተኛ ዲግሪ ይጠይቃል። ለሁለተኛ ዲግሪ ደግሞ በቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ፣ በኬንያው ኤገርተን ዩኒቨርሲቲና በኔዘርላንድስ ዴልፍት መካከል በጋራ የሚሰጥ የሐይቅና የእርጥብ መሬት ትምህርት አለ። ኦስትሪያ ሞንድዜ ሐይቅ ዳር ለዓመታት ይሰጥ በነበረው ሥልጠና ያለፉ የሐይቅ ባለሙያዎች በአገራችን ብዙ ናቸው።


ዘንዘልማ | መጋቢት 13

ጋሼ የተናገሩትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ «እዚያ ተምረሽ እዚህ ታመጪዋለሽ» የሚለውን ግን ስንቱ እንዳመጣ እርስዎም ያውቃሉ። እምቦጭ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ሐይቁ ላይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ ስለ እሱ የተጻፈውን ወረቀት ብንደረድረው ባሕር ዳር ይደርሳል፤ አረሙን ግን አሁንም ገበሬው ወገቡ ድረስ ገብቶ በእጁ ነው የሚያወጣው።


ደንገል | መጋቢት 13

አውቃለሁ። የቀሩት ሁሉ ግን ጠፍተው አልቀሩም፤ ዛሬ እዚህ ያሉ ተማሪዎችን በሩቅ ሆነው የሚያማክሩ፣ ናሙናው በፈቃድ ሲላክ ተንትነው ውጤቱን በጋራ ስም የሚያወጡ አሉ። ደግሞም ልጅቷ ለሐይቁ ዕዳ የለባትም። ትማር።


ሰነድ ይዤ | መጋቢት 14

እኔ ባዮሎጂ አላውቅም፤ ሬጅስትራር አካባቢ ነው የምሠራው። የምርጫው ክርክር ሲያልቅ የሚመጣውን ልንገርሽ።

ዋናው ዲግሪሽ የወጪ መጋራት ክፍያ ሳይጠናቀቅ አይሰጥም፤ ብዙው ሰው በጊዜያዊ ዲግሪ ነው የሚሄደው። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ጊዜያዊውን ይቀበል እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጪ። የተማሪ ቅጂ ትራንስክሪፕትና ዩኒቨርሲቲው አሽጎ በቀጥታ የሚልከው ትራንስክሪፕት የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛውን አሁኑኑ ጠይቂ፤ ሐምሌ ላይ ወረፋው ሌላ ነው። ወደ ውጭ ለሚሄድ ሰነድ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ የሚጠይቁ አሉ፤ ሁለቱም አዲስ አበባ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጉዞ ጨርሺ።

ስምሽ በፓስፖርት ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። በዲግሪው ላይ አንድ «ኤች» ከጎደለች ኤምባሲው በር ላይ ነው የምታስታውሺያት። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ውስጥ አንዱ ቅጽ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም የሞሉ ልጆች ሁለት ሰው ሆነው ሲመዘገቡ አይቻለሁ። የምረቃ ቀንሽም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ተጽፎ ከሆነ የፈረንጁ እንዲጨመር አድርጊ፤ አለበለዚያ ከሰባት ዓመት በፊት የተመረቅሽ ነው የምትመስዪው።

የድጋፍ ደብዳቤን በተመለከተ፦ መምህሩ ከግል ኢሜይሉ ሲልክ የማይቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ የተቋሙን አድራሻ እንዲጠቀም በትሕትና ለምኚው። «ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ» ካለሽ ደግሞ አትጻፊ፤ ይልቁንም የሠራሽውን ሥራ ዝርዝር በአንድ ገጽ አድርገሽ ስጪው፣ እሱ ራሱ ይጻፈው። ሦስት ደብዳቤ በአንድ ሰው ቋንቋ ሲመጣ ይታወቃል።


የዘጌ ቡና | መጋቢት 15

አንድ ነገር ብቻ። ከተማው ውስጥ «ስኮላርሺፕ እናስገባለን» እያሉ ቅድሚያ ገንዘብ የሚቀበሉ አሉ። እዚህ የተጠቀሱት ፕሮግራሞች ሁሉ ሰው ራሱ የሚያመለክትባቸው ናቸው። ስለ እናትሽ ደግሞ፦ እህቴ ለዶክትሬት ከሄደች ወዲህ እናታችንን ያረጋጋት የዓመቱ ብዛት ሳይሆን በየእሑዱ የምትደውልላት ነው።


ሰባተኛ ዓመት | መጋቢት 15

የዝናብና ቸኮሌትን ምት በጸጋ ተቀብያለሁ። ቢሆንም አንድ ነገር ልጨምር፦ የአሜሪካው ዶክትሬት ከቆመ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘሽ የምትወጪበት መንገድ በብዙ ፕሮግራሞች አለ። በሁለተኛው ዓመት የብቃት ፈተና አለ፤ ካልተመቸሽ እዚያ ላይ መውጣት ይቻላል። ስለዚህ አምስት ዓመት ሲባል እስር ቤት አታድርጊው።

ስለ ቀኑ፦ የኢራስመሱ ቀን ይቀድማል፤ የአሜሪካው ፕሮግራም ግን «ቶሎ ወስኚ» ብሎ ቢገፋሽ አትደንግጪ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ድጎማ ያለው ግብዣ ከሰጡ ተማሪው እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7 እንዲያስብ የተስማሙበት ውሳኔ አለ። ኢራስመሱን ግን ወደሚቀጥለው ዓመት አስተላልፉልኝ ብትዪ ስኮላርሺፑ አብሮሽ አይተላለፍም ብለሽ ተነሺ።

አሜሪካን ከመረጥሽ ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚልክልሽ የምስክር ቅጽ (I-20) እንደመጣ የተማሪዎች መመዝገቢያውን 350 ዶላር ከፍለሽ የቪዛ ቀጠሮ ያዢ። ቃለ መጠይቁ አጭር ነው። ምን ልታጠኚ፣ ማን ይከፍላል፣ ለምን እዚያ። «ነጭ ዓሣ» ብለሽ ከጀመርሽ መኮንኑ ራሱ ይስቅና ይፈታል።


የጉማራዋ | መጋቢት 19

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ለአሜሪካው አስተባባሪ በሰባተኛ ዓመት ቃል ጻፍኩላት። በሁለተኛው ቀን መለሰች፤ ዙሪያ ጥምጥም አልነበረም። በጀት ያላቸውን መምህራን ስም ላከች፣ ከእነሱ አንዷ ጋሽ ደንገል እንዳሉት የሲክሊድ ዓሣ መንጋጋ ላይ የምትሠራ ሆና ተገኘች። ጽሑፏን አንብቤ ስለ ጉማራው ሥራችን አንድ ገጽ ጻፍኩላት። ናሙና አለኝ አላልኩም፤ ምን እንደምንለካና ምን ማወቅ እንዳልቻልን ብቻ። በቪዲዮ እንነጋገር አለችኝ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከጎረቤት ቤት ሆኜ ነው ያነጋገርኳት፤ ከኋላዬ በግ ሲጮኽ ምን ዓይነት ዝርያ እንደሆነ ጠየቀች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ለናሙና ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው፣ እዚህ ያሉት ተመራማሪዎች በሥራው ውስጥ ምን ድርሻ ይኖራቸዋል የሚል ነበር። @ዘንዘልማ ይህን ስሰማ አንተን ነው ያስታወስኩት።

ከተማሪዎቿ ሁለቱን አነጋገርኩ። አንዷ ከኔፓል የመጣች ናት። አማካሪዋ በየሳምንቱ ታገኛቸዋለች፤ ረቂቅ ስትመልስ ግን ቀይ ቀለሙ ያስለቅሳል ብላኛለች። ስድስት ዓመት የፈጁ አሉ። የበጋው ክፍያ በደብዳቤው ላይ እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፎ መጣ። አንድ ያቋረጠ ተማሪም እንደነበረ ነገረችኝ፤ ስለ እሱ ስጠይቃት ጋሽ ደንገል ያሉትን ዝምታ ሰማሁት፤ ከዚያ «ልጁ መረጃ ትንታኔ ወድዶ ወደ ኩባንያ ሄደ፣ እሷም ደብዳቤ ጻፈችለት» አለች። የልጁን አድራሻ ሰጥታኝ ራሱ እንዲሁ አረጋገጠልኝ።

የኢራስመሱን ተማሪዎችም አነጋግሬያለሁ። ደስተኞች ናቸው፤ ከዓሣ ዝግመተ ለውጥ ይልቅ ግን የውኃ ጥራትና አስተዳደር ላይ ያዘነበለ ነው። ጥሩ ትምህርት ነው፤ የእኔ ጥያቄ አይደለም። ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ላለው ሰው ዕድሉ እንዲደርስ ሳልዘገይ ትናንት መልሼላቸዋለሁ። አሜሪካውን ተቀብያለሁ።

እናቴ አሁንም ዝም ብላለች፤ በርበሬ ግን መዘርዘር ጀምራለች።


ዝናብና ቸኮሌት | መጋቢት 19

ተሸንፌያለሁ፤ እንኳን ደስ አለሽ። በርበሬውን ግን በሻንጣ ውስጥ በደንብ አሽጊው።


ዘንዘልማ | መጋቢት 20

መልካም። ሐምሌና ነሐሴ ነጭ ዓሣው ሲወጣ የመስክ ሥራሽን ጉማራ ላይ እንድታደርጊ ሴትዮዋን ከአሁኑ አስማሚያት። መረብ የሚይዝ ሰው እናገኛለን።


አዲስ ገቢ | መጋቢት 21

ይቅርታ፣ ከርእሱ ትንሽ ልውጣ። ለሚቀጥለው ዓመት ላመለክት እየተዘጋጀሁ ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ በዶላር ነው፣ እኔ ዘንድ ደግሞ ዶላር የሚከፍል ካርድ የለም። እንዴት አደረግሽ?


የጉማራዋ | መጋቢት 21

የባዮሎጂ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የመጨረሻ ቀናቸው ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 6 ባለው ነው፤ አንተ ጥቅምት ላይ ለአስተባባሪው ጻፍ። ስምህን፣ የምታመለክትበትን ፕሮግራም፣ ከኢትዮጵያ በዶላር መክፈል እንደማትችል ጽፈህ ክፍያው እንዲነሣልህ ጠይቅ። ከአራት መስመር አይብለጥ፤ የሕይወት ታሪክ አያስፈልግም። አንዳንዶቹ ኮድ ይልኩልሃል፣ አንዳንዶቹ አይሆንም ይሉሃል፤ አይሆንም ያሉትን ተውና ወደሚቀጥለው ሂድ። ኮዱ ሳይደርስህ ማመልከቻውን እንዳትልክ፤ አንዴ ከተላከ በኋላ ሲስተሙ አያስገባውም።